የአርቪ ውሃ ማሞቂያ ቫልቭ ሲያንጠባጥብ፦ ከመቀየራችሁ በፊት አየሩን መልሱ

ከአርቪያችሁ (ከተንቀሳቃሽ የመኖሪያ መኪናችሁ ወይም ትሬለራችሁ) ውጭ፣ ውሃ ማሞቂያው ባለበት በኩል፣ ግድግዳው ላይ ቁልቁል የወረደ እርጥብ መስመር ካያችሁና ትንሿን በር ስትከፍቱ ከላይ ካለው የነሐስ ቫልቭ ውሃ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ፣ ወደ ዕቃ መሸጫ አትሩጡ። ቫልቩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው አየር ነው፤ አየሩን ለመመለስ ደግሞ አንዲት ሳንቲም አታወጡም።

እኔ ላስ ቬጋስ ውስጥ አርቪ ያለበት ድረስ እየሄድኩ እጠግናለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የኛው ሰዎች ናቸው። ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ለቤተሰብ መዝናኛ ትሬለር የገዙ አሉ፤ የቤት ኪራይ ሲከብዳቸው አርቪ ፓርክ ገብተው የሚኖሩም አሉ። ሲደውሉ «ሴፍቲ ቫልቩን ገዝቼ ልጠብቅህ?» ይሉኛል። ቆዩ፣ እላቸዋለሁ። ስልኩን ሳንዘጋ አብረን የምንሞክረው ነገር አለ፤ እሱ ከሠራ እኔም መምጣት አያስፈልገኝም።

ያንን ከመናገሬ በፊት ታንኩ ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ ይህ ከገባችሁ ሌላው ሁሉ በራሱ ይገባችኋል።

ቫልቩ የሚጠብቀው ሁለት ነገር ነው፦ ግፊትንና ሙቀትን። ግፊቱ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ሲደርስ ወይም ውሃው 210 ዲግሪ ፋራናይት፣ በሴንቲግሬድ 99 ሲሞላ፣ ይከፈትና ያስተነፍሳል። ቁጥሮቹ ቫልቩ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ቆርቆሮ ላይ ተጽፈዋል። የተለመደው የአርቪ ታንክ 6 ጋሎን ነው፤ 23 ሊትር ግድም። በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የገባ ውሃ 55 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ አንድ ተኩል በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለ6 ጋሎን ታንክ ይህ ከሩብ ሊትር በላይ ነው፤ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ።

ያ ትርፍ ብርጭቆ የት ይሂድ? በመጣበት አይመለስም፤ በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ አለ። ፓምፑም የራሱ አለው፣ የፓርኩን ውሃ የምትሰኩበት መግቢያም እንዲሁ። ቧንቧዎቹ ሁሉ ዝግ ከሆኑ ውሃው ተከቧል፤ ውሃ ደግሞ አይታመቅም። ለዚህ ሲባል ታንኩ ሲሠራ አናቱ ላይ የአየር ቦታ እንዲቀር ተደርጎ ነው። ውሃው ሲሰፋ አየሩ ይታመቃል፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ አየሩ ይለቀቃል። እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ ዕቃውን እስከ አፉ የማይሞሉት ኩፍ ሲል መድረሻ እንዲያገኝ ነው፤ የታንኩም ነገር እንዲሁ ነው። አየሩ ግን እያደር ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ ሙቅ ውሃ በቀዳችሁ ቁጥርም ትንሽ ትንሽ እያለ አብሮ ይወጣል። አንድ ቀን ታንኩ እስከ ጫፉ ውሃ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ማሞቂያውን ስታበሩ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ቫልቩም ትርፉን ያንጠባጥባል። ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው «መቼ ነው የሚያንጠባጥበው?» ብዬ ነው። ማሞቂያው በርቶ እየሞቀ ሳለ ጀምሮ፣ ሞቆ ሲያበቃ ወይም አንድ ሰው ሙቅ ውሃ ሲከፍት የሚቆም ከሆነ፣ አየሩ አልቋል። ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ውሃው ቀዝቅዞም ሳያቋርጥ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ወይ ቫልቩ መቀመጫ ላይ ቆሻሻ ተቀምጧል፣ ወይ ከውጭ የሚገባው ግፊት በዝቷል። ጠብታ መሆኑ ቀርቶ በኃይል የሚፈስ ከሆነ፣ ይልቁንም እንፋሎት ካለበት፣ ነገሩ ሌላ ነው፦ ጋዙንም ኤሌክትሪኩንም ወዲያው አጥፉ፣ ከበሩ ፊት ዞር በሉ፣ ልጆችን አርቁ፣ እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በነገራችን ላይ በብርዱ ወራት ጠብታው የሚብሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚገባው ውሃ በቀዘቀዘ መጠን እስኪሞቅ ድረስ የሚሰፋውም ይበዛል።

አየሩ እንዲህ ይመለሳል። ማሞቂያውን በጋዝም በኤሌክትሪክም አጥፉ። ኤሌክትሪኩን ከማብሪያው ብቻ ሳይሆን ከብሬከሩም አጥፉት፤ ታንኩ ውሃው ጎድሎ ሳለ ውሃውን በኤሌክትሪክ የሚያሞቀው ኤለመንት ቢበራ ወዲያው ይቃጠላል። ከዚያ ጠብቁ። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው መጠበቁ ነው፤ ሰው ይቸኩላል። ከቫልቩ የሚወጣው ውሃ እጅ ይልጣል። 140 ዲግሪ ፋራናይት የደረሰ ውሃ በስድስት ሴኮንድ ውስጥ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል። ጊዜ ከሌላችሁ ሙቅ ውሃ ከፍታችሁ እጃችሁ ላይ ለብ እስኪል ድረስ አፍስሱ፤ ቀዝቃዛው ይተካዋል።

ውሃው ሲቀዘቅዝ የሚገባውን ውሃ ዝጉ፤ በፓርኩ ውሃ ላይ ከሆናችሁ ጎማው የተሰካበትን ቧንቧ፣ በራሳችሁ ታንክ ከሆነ ፓምፑን። ወደ ውስጥ ገብታችሁ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቱ፤ የወጥ ቤቱ ይበቃል። ፈሶ ፈሶ ሲቆም ክፍት እንደሆነ ተዉትና ወደ ውጭ ተመለሱ።

አሁን የቫልቩን እጀታ ያዙ። ትንሽ የሽቦ ወይም የቆርቆሮ ምላስ ናት፤ በአብዛኛው ተኝታ ነው የምታገኟት። ፊታችሁን ከመውጫው አቅጣጫ ዞር አድርጋችሁ፣ ከቫልቩ ጎን ቆማችሁ፣ ቀጥ እስክትል ወደ ራሳችሁ አንሷት። መጀመሪያ ውሃው በኃይል ይመጣል፤ ከዚያ ይቀጥናል፤ ከዚያ መተንፈስ ይጀምራል፦ ጉርግ፣ ጉርግ፣ ትንሽ ፀጥ፣ እንደገና ጉርግ። ያ ድምፅ አየር እየገባ መሆኑን ይነግራችኋል። እጀታዋን አትልቀቁ። ውሃው ሙሉ በሙሉ እስኪያቆም ያዙ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጉርጉርታውን እንደሰማ ቶሎ በመልቀቁ ነው፣ ከዚያ «ሞከርኩት፣ አልሠራም» ይላል። ውሃው ሲቆም እጀታዋን በቀስታ አትመልሷት፤ ከጣታችሁ ልቀቋት፣ በራሷ ስፕሪንግ ጠቅ ብላ ትዘጋ። ጠቅ ብላ ስትዘጋ የቫልቩ ጎማ መቀመጫው ላይ በደንብ ይገጥማል።

ወደ ውስጥ ገብታችሁ ቧንቧውን ዝጉ፣ ከዚያ ውሃውን መልሱ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ ቧንቧው ሳይዘጋ ውሃውን ብትለቁት አሁን ያስገባችሁት አየር በዚያው መልሶ ይወጣል። ታንኩ ሲሞላ አየሩ አናቱ ላይ ተይዞ ይቀራል። ማሞቂያውን አብሩ፣ ከቫልቩ ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፉ፣ አንድ ሰዓት ያህል ከሞቀ በኋላ ተመልከቱ። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ጨርሳችኋል። ይህን በየጊዜው መድገም የተለመደ ነው፤ አየሩ እንደገና ማለቁ አይቀርም።

ሶፍቱ ረጥቦ ካገኛችሁትስ? ቫልቩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። እኛ አገር ባለው ውሃ፣ ከኮሎራዶ ወንዝ ተነስቶ በሌክ ሚድ ሐይቅ በኩል በሚመጣው ካልሺየም የበዛበት ውሃ ማለቴ ነው፣ የቫልቩ አፍ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። የዚያ ቅንጣት መቀመጫው ላይ ከተጣበቀ ቫልቩ አይገጥምም። ውሃው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ግፊቱ እንዳለ፣ እጀታዋን ብድግ አድርጋችሁ ለሁለት ሦስት ሴኮንድ በኃይል እንዲፈስ አድርጉና ልቀቁ። ደጋግሙት። ብዙ ጊዜ ቅንጣቱ ተጠራርጎ ይወጣል። አየሩን ግን ከዚያ በኋላ በፊት እንዳልነው እንደገና መልሱት። ቫልቩ ያረጀ፣ ለዓመታት ያልተነካ ከሆነ ይህን ስታደርጉ ጭራሽ ሊብስበት ይችላል፤ ያኔ መለወጫው ደርሷል።

በዚህ መሀል ግፊት መለካት ያስፈልጋል። የውሃ ጎማ ላይ የሚጠመዘዝ የግፊት መለኪያ ርካሽ ነው፤ አርቪ ያለው ሰው ሁሉ ይኑረው። ፓርኮች ውስጥ የሚመጣው ግፊት እንደ ቦታው ይለያያል፤ ማታ ሰው ሲተኛና ውሃ የሚጠቀም ሲጠፋ ከፍ ይላል። ቀን ለክታችሁ «ደህና ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ከመተኛታችሁ በፊትም ማለዳም እዩት። የአርቪ ቧንቧ ከ40 እስከ 60 ፒኤስአይ ባለው መሀል ቢሆን ይመቸዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት የሚቀንስ ረጉሌተር ግጠሙ። ትንሿ የነሐስ ረጉሌተር ከምንም ትሻላለች፤ እኔ ግን ሰዓት መሰል መለኪያ ያለውንና በካቻቢቴ የሚስተካከለውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ምን ላይ እንዳስቀመጣችሁት ታያላችሁ። ረጉሌተሩ የሚገባው ከፓርኩ ቧንቧ አፍ ላይ ነው። ከጎማው ወዲህ ብታደርጉት ጎማው ራሱ ያን ሁሉ ግፊት ይሸከማል፣ ፀሐይ ላይ ውሎም ይፈነዳል።

አሁን በጣም የማሳስባችሁ ጉዳይ ላይ ደርሻለሁ። ሌክ ሚድ አጠገብ ትሬለራቸውን ያቆሙ አንድ አባት ጠሩኝ። የጠሩኝ ለሌላ ነገር ነበር፤ ጋዙ አልቀጣጠል ብሏቸው ነው። በሩን ስከፍት የሴፍቲ ቫልቩ (ሪሊፍ ቫልቭም ይባላል) አፍ ላይ የነሐስ ታፖ፣ ማለትም መድፈኛ፣ ተጠምዝዞበት አየሁ። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን የሚባለው ማሸጊያ ጥብጣብ ተጠቅልሎበታል፣ ዙሪያው ነጭ ቅርፊት ይዟል። «ጋሼ፣ ይህን ማን ዘጋው?» አልኳቸው። «የኔ ልጅ፣ ስገዛው እንደዚሁ ነው፤ ምኑ ነው እሱ?» አሉኝ። የቀድሞው ባለቤት ጠብታው አስመርሮት ዘግቶት ነው የሸጠላቸው። እዚያው ፈታሁት፣ ቫልቩንም ቀየርኩት፤ የልጅ ልጆቻቸው አጠገቡ ኳስ ይጫወቱ ነበር።

ለምን እንደምፈራው ልንገራችሁ። ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ፈላ ማለት ከዚያ በላይ አይሞቅም። በዝግ ታንክ፣ በግፊት ውስጥ ያለ ውሃ ግን ከመፍያው አልፎ ይሞቃል፣ ሳይፈላ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ቢበላሽና ጋዙ ባይጠፋ ሙቀቱ ይወጣል፣ ግፊቱም ይከተለዋል። ታንኩ የሆነ ቦታ ላይ ሲተረተር ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወርድና ያ ሁሉ ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት መለወጥ ይጀምራል። እንፋሎት ከውሃው ከሺህ ጊዜ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ያን ከማድረግ የሚያቆመው የመጨረሻው ነገር ቫልቩ ብቻ ነው። ስለዚህ አትድፈኑት፣ መክፈቻና መዝጊያ አትግጠሙበት፣ በጠባብ ቱቦ አታጥብቡት። ጠብታው ግድግዳውን እያበላሸ ከሆነ ከቫልቩ አፍ ጋር እኩል ስፋት ያለው፣ ቁልቁል የሚወርድ፣ ጫፉ ክፍት የሆነ ቱቦ መግጠም ይቻላል። ሁለተኛ እጅ አርቪ የምትገዙ ሰዎች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ያቺን በር ከፍታችሁ የቫልቩን አፍ ተመልከቱ።

ቅድም የተውኩት፣ በኃይል የሚፈሰው ወይም እንፋሎት ያለበት፣ ሁለት ዋና መነሻ አለው። አንደኛው ቴርሞስታት ነው። በብዙዎቹ ማሞቂያዎች ቴርሞስታቱ 130 ወይም 140 ዲግሪ ፋራናይት ላይ ያቆማል፤ ሌላ የደኅንነት ማጥፊያ ደግሞ 180 አካባቢ ሁሉንም ነገር ይቆርጣል። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር በኩባያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ከ140 በላይ ካሳየ፣ ወይም የማጥፊያው መመለሻ ቁልፍ እየደጋገመ የሚዘል ከሆነ፣ ማሞቂያውን አትጠቀሙበት፤ ቴርሞስታቱ ይቀየር። ቁልፉን እየተጫኑ መቀጠል የቫልቩን አፍ ከመድፈን ብዙም አይለይም።

ሁለተኛው የባይፓስ ነገር ነው። በብርዱ ወራት ቧንቧው ውስጥ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ሲገባ ወደ ታንኩ እንዳይሄድ የሚዘጉ ቫልቮች ከማሞቂያው ጀርባ አሉ። በጸደይ ሲወጣ እነሱን መክፈት ይረሳል። መግቢያውም መውጫውም ተዘግቶ፣ ውስጡ ውሃ ካለ ታንኩ ከየትም ጋር አይገናኝም፤ ሲሞቅ ግፊቱ በቀጥታ ወደ ሪሊፍ ቫልቩ ነው የሚሄደው። ቤት ውስጥ ሙቅ ውሃ አልመጣ እያለ ውጭ ቫልቩ የሚፈስ ከሆነ፣ ይህን ጠርጥሩ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ቫልቩ አሁንም ካንጠባጠበ፣ ይቀየር። አዲሱን ስትገዙ አሮጌው ላይ ያለውን አንብባችሁ ወይም ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፦ 150 ፒኤስአይ፣ 210 ዲግሪ፣ የጥርሱ ስፋት። በ6 ጋሎኖቹ ላይ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኢንች ነው፣ ሦስት አራተኛ የሆነም አለ። «ጠንከር ያለ ልግጠም» ብላችሁ ከ150 በላይ የሚከፈት አትግዙ። ቫልቩ ወደ ታንኩ የሚገባ የሙቀት ዘንግ አለው፤ ርዝመቱ ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት።

ለመፍታት ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ውሃው ቀዝቅዞ፣ መግቢያው ተዘግቶ፣ ሙቅ ቧንቧ ተከፍቶ ግፊቱ መውጣቱን አረጋግጡ፤ እጀታዋን አንስታችሁ ምንም ካልመጣ ወጥቷል። ታንኩን እስከ ታች ማፍሰስ የግድ አይደለም፣ ግን አጋጣሚው ስላለ አፍስሱት፤ ሥር ያለው የካልሺየም ዝቃጭ አብሮ ይወጣል። ሰበርባን የሚባለው ኩባንያ ታንክ ከሆነ ታች ያለው ታፖ አኖድ ዘንግ (በታንኩ ፋንታ እሱ እየተበላ ታንኩን ከዝገት የሚጠብቅ ዘንግ) ይዟል፤ በ1 ኢንች ከ1/16 ቡሶላ ይፈታል፤ ዘንጉ በጣም ተበልቶ ከቀጠነ አብራችሁ ቀይሩት። የአትውድ፣ አሁን ዶሜቲክ የሚባለው፣ ታንኩ አሉሚኒየም ስለሆነ አኖድ አይፈልግም፤ ታፖው ፕላስቲክ ነውና በኃይል አታጥብቁት።

ቫልቩን በእንግሊዝ መፍቻ ወይም በቧንቧ መፍቻ ከነሐሱ አካል ያዙት፣ ከእጀታው አይደለም። አልፈታ ካለ ጥርሱ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ ጥቂት ጠብቁ፤ በድንገት አትወዝውዙት፣ የታንኩ ጥርስ ከተላጠ ታንኩን መቀየር ነው። የታንኩን ጥርስ በጨርቅ ጥረጉ። አዲሱ ቫልቭ ላይ ቴፍሎን ሦስት አራት ዙር፣ ቫልቩ በሚጠብቅበት አቅጣጫ፣ የመጀመሪያውን ጥርስ ትታችሁ ጠቅልሉ። መጀመሪያ በእጃችሁ እያዞራችሁ አስገቡት፤ ጥርስ በጥርስ ላይ ተጣሞ እንዳይገባ ይህ ዋስትና ነው። ከዚያ በመፍቻ አጥብቁ፣ አፉ ወደ ታች እንዲያይ አድርጋችሁ። ትንሽ ካለፈ ወደ ኋላ አትመልሱት፤ ከተመለሰ ያንጠባጥባል። ወይ ወደፊት አዙራችሁ አድርሱት፣ ወይ አውጥታችሁ ቴፍሎኑን እንደ አዲስ ጠቅልሉ።

ታንኩን ሙሉ፣ ሙቅ ቧንቧዎቹን ክፈቱ፣ ውሃው ሳይተፋ ቀጥ ብሎ እስኪፈስ ጠብቁ፤ ከዚያ በፊት ኤሌክትሪኩ አይበራም። አየሩም መኖሩን አትርሱ፤ ታንኩ አናቱ ድረስ ከሞላ አዲሱም ቫልቭ ያንጠባጥባል።

አርቪ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ለምትኖሩ ደግሞ፣ አየሩን ደጋግሞ መመለስ ከሰለቻችሁ፣ ትንሽ ማስፊያ ታንክ ማስገባት ይቻላል። ውስጡ አየርና ውሃውን የሚለይ ጎማ ስላለው አየሩ አይሟሟም። የሚገባው በእሱና በማሞቂያው መሀል ምንም ቼክ ቫልቭ በሌለበት ቧንቧ ላይ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት፣ ውሃ ሳይነካው፣ የመኪና ጎማ አየር መለኪያ ወስዳችሁ የውስጡን አየር ረጉሌተራችሁ ከሚያሳየው ግፊት ጋር እኩል አድርጉት፤ ረጉሌተሩ 50 ላይ ከሆነ ማስፊያውም 50 ይሁን።